የወጡበት ሰዓት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሐይቁን ውኃ ልኬ፣
ባለ ቁጥር እንጨት ሥር ጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣
ጡረታ ስወጣ ልጄ ቤት ገዛልኝ፤
"ከእንግዲህ፣ እማዬ፣ ከላይ ሆነሽ እይው" አለኝ።

ከባሕር ዳር ወጣ ሲሉ፣ ከጣና ፊት ለፊት፣
ኮረብታ አለ፣ ዙሪያውን አጥር የዞረበት፤
ክበብ ነው የሚሉት።
አባል ካልሆኑ በሩ አይከፈትም፤
ካርድ ያልያዘ ነፋስ እንኳን አይገባም
ብዬ እቀልዳለሁ፤ ማንም አይስቅም።

ደግሞ አልዋሽም፤ ወድጄዋለሁ።
ገና ሳይነጋጋ ከነሱ ጋር በጫካው እራመዳለሁ፤
ባለ ሆቴሏ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣
የባንኩ ሰውዬ ከነእንቅልፉ፣ ከነሕመሙ።
በስልሳ አራት ዓመቴ ብስክሌት ተምሬ፣
ሁለቴ ወድቄ፣ አንዴ ተሰብሬ።
ቅዳሜ ከሰዓት ካያክ ይቀዘፋል፤
ቢጫው ፕላስቲክ እንደ ሙዝ ልጣጭ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤
ደንገሉ ውስጥ ባለ ታንኳው መቅዘፊያውን አቁሞ ያያል።

በሩ ላይ አንማው አለ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፤
"እንደምን አደሩ" ይላል ብረቱን ገፍቶ፤
የመኪናውን አቧራ በክንዱ ጠርጎ፣ መልሶ ዘግቶ።

ባለፈው የካቲት የብስክሌቴ ሰንሰለት ወልቆ
ሲያስገባልኝ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ ድምፁን ደብቆ፣
"ላይኛው እንዴት ነው?" አለኝ።
"አልወጣህም እንዴ?"
"ጥበቃ ከበሩ አያልፍም፤ ሕጉ ነው።
ዶቅማዋ ግን... አለች?"
ዶቅማ እንዳለች እንኳን አላውቅም ነበር፣
እኔ፣ በየጠዋቱ አጠገቧ የምዞር።

አንድ አባል በወር አንድ እንግዳ ያስገባል፤
የእኔ ልጅ በስልክ ይመጣል፣ በስልክ ይሄዳል።
"እሑድ በእኔ ስም ትገባለህ" አልኩት።
መሬት መሬት አየ። እሑድ ግን መጣ፣
ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣
የገዛ በሩን እንደ ሰው አንኳኩቶ።

ልጅ እግሩ ጥጋቡ ተተክቶት ቆሟል፤
ሰላምታ ሊሰጠው እጁን አንሥቶ መልሶ አውርዷል።
መዝገቡን ገለጠ፦ ስም፣ ጋባዥ፣ የገቡበት ሰዓት፤
አንማው ቀስ ብሎ ሞላው፣ በቁም ጽሕፈት።

ዳገቱ ላይ አልቀደመኝም፤ ቢሻ ይችል ነበር።
ሐኪሙ በሁለት ዘንግ እያለከለከ አለፈን፤
በየቀኑ በር የሚከፍትለትን ሰው
ጋቢ ለብሶ ሲያየው አላወቀው።

ቴኒስ ሜዳው ጋ ስንደርስ ቆመ፤
"አውድማችን ነበር" አለ።
"ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ገለባውን ይወስዳል።
አሁንም ሳይቀር ይመጣል፤
የሚወስደው አጥቶ ይሄዳል።"
ኳሷ ሽው ብላ ከመስመር አለፈች፤
"ወጣች!" አለ ልጁ፣ "ወጣች!"

ዶቅማዋ አለች። ግንዷ ላይ ሰሌዳ ተመትቶ፣
ስሟ በላቲን፣ ቁጥሯ በቀይ፣ "አትውጡ" የሚል ታክሎ።
እኔ በልማዴ ቁመቷን ለካሁ፣ ዐሥራ አንድ ሜትር ከምናምን፤
እሱ ከሥሯ ድንጋይ ፈለገ፣ የድንበር ድንጋይ ይሁን የመቃብር፣
አልጠየቅሁትም። አጣው።

ጫፉ ላይ የደረሰ ሁሉ ሐይቁን ፎቶ ያነሣል።
አንማው ጀርባውን ለጣና ሰጥቶ ቤቶቹን አየ፤
አንድ፣ ሁለት... ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤
የእኔ ቤት ጋ ሲደርስ ጣቱ ጥቂት ቆየ፣
ከዚያ ታጠፈ።

ስንመለስ ጥጋቡ መዝገቡን ዘረጋለት፤
የቀረችው አንዲት ዓምድ፦ "የወጡበት ሰዓት"።
እስክሪብቶውን እንደያዘ፣
"እትዬ ውዳላት፣
የቱን ነው የሚሉት?
ዳገቱን የወጣሁበትን ነው፣
ወይስ ከዚህ የወጣሁበትን?"

እኔ ውኃ ወጣ፣ ውኃ ወረደ እያልኩ
ስመዘግብ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ዝም አልኩ።

ጻፈ። ሰዓት አልነበረም፤
"ግንቦት፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት"።
ከጎኑ፣ "ጋባዥ" ከሚለው ሥር፣
የእኔ ስም ነበር።